በማይሰማው በኩል

መኪናዋ የፊት ግራ እግሯን አንስታ ክሪክ ላይ ቆማለች። ጎማው ወልቆ ግድግዳውን ተደግፏል። ልጅቷ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ የኩሽኔታውን ክዳን በካቻቢቴ ስትፈለቅቅ፣ እናትየው የእጅ ባትሪ ይዛ ከበላይዋ ቆማለች። ባትሪ መያዝ የቆየ ሥራዋ ነው። ሟቹ ባሏ በዚሁ ጣሪያ ሥር መኪናዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ «ወዲህ አብሪ፣ ኧረ ወዲህ!» እያለ ሲነጫነጭባት ኖሯል። አሁንም እጇ ትንሽ ዘንበል ሲልባት፣ ያ ድምፅ ከሥር የሚመጣ እየመሰላት ቀድማ ታስተካክላለች።

መኪናዋ በዕድሜ ከልጅቷ ትበልጣለች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም የማትነሳ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ቀይ ነበረች፤ ፀሐይ በልቷት አሁን የደረቀ ቲማቲም መስላለች። የሰፈሩ ሰው ባልየው ሌላ ሚስት ያልደረበው መኪናዋ ሦስተኛ ወንበር ስለሌላት ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

አባትየው መኪናዋን የተወው ለልጁ ነው። ልጅቷ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ነገ ጠዋት ትነሳለች፤ መንገዱ ደግሞ ቁልቁለትና ገደል ነው። የሚያሰጋው ድምፁ ነበር። መኪናዋ ስትፈጥን ከሥሯ ሰው የሚያንጎራጉር የሚመስል ድምፅ ይነሳል፤ ወደ ግራ ስትታጠፍ ይብሳል። ጎማውን የሚያሽከረክሩት የኩሽኔታው ብረቶች ሲበሉ እንዲህ ነው፤ ዝም ከተባሉ አንድ ቀን ጎማው መንገድ ላይ ይከዳል። ሟቹ ከሆስፒታል ወጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳት ቀን፣ «የፊት ግራው ኩሽኔታ ነው፤ ቀይሩት» ብሎ ነበር። በመኪና ነገር እሱ ካለ አለቀ። ስለዚህ ልጅቷ ለአንድ ጎማ የሚሆን አዲስ ኩሽኔታ ገዝታ መጣች።

እናትየው ግን ድምፁ እንዲጠፋ አትፈልግም ነበር። ባሏ ሲነዳ ሳያውቀው በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር፤ ከፍ የማይል፣ ዝቅ የማይል፣ አንድ ዓይነት ዜማ። እሱ ከተቀበረ በኋላ መጀመሪያ መኪናዋ ውስጥ የተቀመጠች ዕለት፣ ያው ዜማ ከወለሉ ተነስቶ በውስጥ እግሯ ገባና ጉልበቷ ድረስ ወጣ። ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ለመግባት ምክንያት አታጣም። ዛሬ ሳሙና አልቋል፣ ነገ እስኪ ትንሽ አዙሪኝ ነፋስ ልቀበል ትላለች። ከቀኝ ወንበሯ ላይ ሆና ጫማዋን ታወልቅና ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ታሳርፋለች። ልጅቷ የእናቷ እግር ያበጠ ይመስላታል።

የምታውቀውን ደግሞ ለማንም አልተነፈሰችም። ባሏ በወጣትነቱ ጎማ ሲነፋ ፈንድቶበት ቀኝ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ቤተሰቡ ነገሩን ከመልመዱ የተነሳ ረስቶታል። እሷ ግን ስትቆጣው በቀኙ፣ ስታባብለው በግራው እየሆነች የኖረች ሴት ናት። መኪና ውስጥ እሱ መሪው ላይ፣ እሷ ከቀኙ ነች፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ በማይሰማበት በኩል ተቀምጣ ስታወራው ኖራለች። ለሱ የዓለም ድምፅ በሙሉ የሚመጣው ከግራ ነው። ያን ቀን «የፊት ግራው ነው» ሲል፣ ድምፁ ከሷ እግር ሥር ነበር። ያኔ ታማሚን ላለመከራከር ዝም አለች። አሁን ዝም ያለችው ግን ለሌላ ነው። ግራው ይቀየር፤ ቀኙ፣ ርቆም ቢሆን፣ ያንጎራጉር።

ልጅቷ ኩሽኔታውን አወጣች። በጨርቅ ጠራረገችው፣ በጣቷ አሽከረከረችው፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ብረቱ ያበራል፤ አንዲት ጭረት የለበትም።

«እማ፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም።»

ልጅቷ ትንሽ ካመነታች በኋላ፣ አባዬ ያለምክንያት አይናገርም ብላ መዶሻውን አነሳች። ውስጥ የቀረውን ቀለበት መትታ ልታስወጣው ነው። እሱ ከተመታ አሮጌው ተመልሶ አይገባም፤ አዲሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

እናትየው ያን ቁልቁለት በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ልጅቷ ብቻዋን መሪውን ይዛ፣ ከግራዋ ገደሉ፣ ከቀኟ ባዶው ወንበር፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ ያ ነገር እያንጎራጎረ። ባትሪውን ዝቅ አደረገች።

«አትምቺው» አለች። «ግራው አይደለም። ቀኙ ነው፤ እኔ የምቀመጥበት።»

«መቼ አወቅሽ?»

«አባትሽ ግራ ነው ሲል።»

ልጅቷ መዶሻውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ደም መሰለ። «እና ገደል ከገባሁ በኋላ ልትነግሪኝ ነበር?»

«እሱ ነው የሚያንጎራጉረው» አለች እናትየው።

ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ከዚያ ደህነኛውን ኩሽኔታ ግራሶ ሞልታ ወደ ቦታው መለሰችና ክሪኩን ወደ ቀኙ ጎማ አዛወረች። የቀኙ ሲከፈት የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ግራሶው ጠቁሯል፣ ብረቶቹ ምስጥ የበላቸው መስለዋል። አዲሱን ገጠሙ። ዳዶውን የምታጠብቀው እናትየው ነበረች፤ ጎማውን ማዞር ሲከብዳት አቆመች፣ ከዚያ ጥቂት አላላችው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው እንደሚቃጠል ባሏ ሲናገር ሰምታለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሙከራ ወጡ። ከሰፈሩ ወጥተው ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ፍጥነት ጨመረች። እናትየው ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ ዝም አለ። ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ መጣ፤ መኪናዋ ወደ እናትየው በኩል አዘነበለች፤ ድምፁ ሁልጊዜ የሚበረታው እዚህ ነበር። ምንም የለም። የንፋሱ ፉጨት ብቻ። ከጎኗ ሰው ተነስቶ የሄደ ያህል ትከሻዋ በረዳት።

ልጅቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እማ» አለች፣ «እኔ እሰማዋለሁ።»

እናትየው ዞር ብላ አየቻት። የልጅቷ ከንፈር ግጥም ብሏል። ለማጽናናት ይሁን የእውነቷን ይሁን ፊቷ አይናገርም። እናትየው ጎንበስ ብላ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ወለሉ እንደ ግድግዳ ነው።

«በየት በኩል?» አለች።

ልጅቷ የንፋሱን ፉጨት ለማጥፋት መስኮቱን ዘጋችና ነዳጁን ረገጠች።