ታችኛዋ ቀዳዳ

ቧንቧ ሠራተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከውሃ ጋር ሲተናነቅ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ደግሞ በሞተር ሳይክል ድንጋይና ወንዝ እግሯን መሬት ሳታስነካ ለማለፍ ትወዳደራለች። እሱ በየውድድሩ ዋዜማ የሞተሯን የአየር ማጣሪያ ሳጥን ውሃ እንዳይገባው ዙሪያውን በሲልከን ይለስንላታል። ከሳጥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ሲያይ ግን ደሙ ይፈላል። «ይህን ክፍት የተወ ሰነፍ ነው!» ብሎ ድፍን ያደርጋታል።

ያን ዓመት ሞተሯ ውሃ ውስጥ ጠፍቶባት አያውቅም ነበር። አባትየውም በየሄደበት ጉራውን ሲነዛ ከረመ። ለመጨረሻው ውድድር ሥራውን ትቶ አብሯት ሄደ፤ እስከ መነሻው መስመር ድረስ ከጎኗ ንቅንቅ አላለም።

ወንዙ መሃል ላይ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ።

እየገፋች ስታወጣው፣ «ሲልከኑ ነው! የዛሬ ዕቃ ምን ጥራት አለው!» እያለ ሮጦ ደረሰና ክዳኑን ከፈተ። ሲልከኑ ምንም አልሆነም። በአየር ማስገቢያው የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ሳጥኑን ሞልቶታል።

ልጅቷ ከጃኬቷ ኪስ ምስማር አወጣች። ጎንበስ ብላ እንኳን ሳታይ፣ በለመደ እጅ፣ ታችኛዋን ቀዳዳ ወጋቻት። ውሃው ተንዠቀዠቀ።

የምስማሩ ጫፍ በደረቀ ሲልከን ነጭ ሆኗል። አባትየው ምስማሩን ከእጇ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ሁልጊዜ ትከፍቻት ነበር?»

«ሁልጊዜ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«አጠገቤ ቆመህ እንዴት አድርጌ?»