የአለቃው እናት

ልጁ ትንሽ ሳለ አስተማሪው «እናትህ ምን ትሠራለች?» ብሎ ቢጠይቀው «ተኳሽ ናት» ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ጉልበተኞች ሳይቀሩ መንገድ ይለቁለት ጀመር። እናቱ የምትተኩሰው ጥይት ሳይሆን አንሶላ መሆኑን ያወቁት ብዙ ቆይተው ነው። ይህን ታሪክ ለሰው ስታወራ ጨዋታው ሳያልቅ ቀድማ የምትስቀው ራሷ እናትየዋ ነበረች።

የምትሠራበት ላውንድሪ የሆቴሎችንና የክሊኒኮችን አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ ያጥባል። ማጠቢያዎቹ ከፊት፣ ማድረቂያዎቹ ከመሃል፣ መተኮሻው ክፍል ከኋላ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮቶቹ በነጭ ልብስ ላይ አቧራ እንዳያርፍ ዓመቱን ሙሉ እንደተዘጉ ይኖራሉ። ካውያዎቹ እንፋሎት ሲተፉ ሴቶቹ እርስ በርስ የሚተያዩት ጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ነው። እናትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችውም ያስተማረችውም ከዚያ ክፍል በምታገኘው ነበር።

ልጁ አድጎ እዚያው ላውንድሪ ገባ። መጀመሪያ ልብስ ጫኝ ነበር፤ ኋላ ተቆጣጣሪው ሲለቅ ባለቤቱ «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው» ብሎ አለቃ አደረገው። በሹመቱ ማግስት ጠዋት እናቱ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ «አለቃ፣ እንደምን አደሩ?» አለችው።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ። በማግስቱም ግን «አደሩ?» አለችው፤ በሳልስቱም እንደዚያው። ቤት ውስጥ «አንተ፣ ጫማህን በር ላይ አውልቅ!» የምትለው እናት የላውንድሪውን ደፍ ስትረግጥ አንቱ ባይ ትሆናለች።

«ተይ እንጂ እማዬ፣ ይጨንቀኛል» አላት አንድ ማታ።

«እኔ ካላከበርኩህ ማን ያከብርሃል? ዝም ብለህ ብላ።»

እሱም የራሱ ፍርሃት ነበረው። «ለእናቱ ያደላል» መባልን እንደ እሳት ይፈራል። ሌላዋ ብታረፍድ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ እናቱን ግን በሰው ፊት ሰዓቱን ያሳያታል። ከባድ ከባዱ ክምር የሚሄደው ወደ እሷ ጠረጴዛ ነው። እሷም ይገባታል፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ልጇ ሐሜት አያገኘውም ማለት ነው።

ላውንድሪው ያለው ሽንት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ከግቢው ጀርባ። ባለቤቱ «ሠራተኛ እዚያ እየገባ ስልክ ያወራል» ብሎ በሩ ላይ ጓጉንቸር ካስገጠመ ቆይቷል። መክፈቻው የሚቀመጠው አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። የፈለገች ሴት በጫኞቹ ወንዶች መሃል አልፋ፣ አለቃው ፊት ቆማ፣ «ቁልፉን» ማለት አለባት። ከእሱ በፊት የነበረውም አለቃ እንዲሁ ያደርግ ነበርና ልጁ ስለዚህ ነገር አስቦ አያውቅም። የወረሰው ትእዛዝ ነው፤ ይዞት ቀጠለ።

ከእናትየዋ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ አንሶላ የምታጥፍ ሴት ነበረች። ሁሉም «አጣፊዋ» ይሏታል። በዕድሜ ታንሳለች፤ ግን የልብ ጓደኛሞች ናቸው።

«እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ጓሮ ስትሄጂ አላየሁሽም» አለቻት አንድ ቀን።

«የወለድኩትን ልጅ፣ በእጄ ያጠብኩትን ልጅ፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ላስፈቅድ? ሞቼ ነው!»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ያልጠጣ አይሸናም» አለች እናትየዋ፤ ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

ሌሎቹም ሴቶች ቢሆኑ በወንዶቹ ዓይን ማለፍ ያሳፍራቸው ነበርና ቤታቸው እስኪገቡ ውኃ አንድ ጉንጭ ያህል ብቻ ይቀምሱ ነበር። በደህናው ጊዜ ይህ ራስ ምታት ብቻ አምጥቶ ያልፋል።

በዚያ ዓመት ግን ሙቀቱ ያለወትሮው ከረረ። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ውሾች መኪና ሥር ተዘርግተው ሰው ሲያልፍ እንኳ ቀና አይሉም። ሌሊቱም አይበርድም፤ ሰው አንሶላውን ውኃ ውስጥ ነክሮ እየለበሰ ነበር የሚተኛው። በዚያው ሰሞን አንዲት የጤና ባለሙያ ወደ ላውንድሪው መጥታ ሠራተኛውን ሰበሰበች።

«ውኃ ለመጠጣት እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ቶሎ ጠጡ» አለች። «ነፋስ ያለበት ቦታ ወጣ እያላችሁ ዕረፉ። ጓደኛችሁን ተመልከቱ፤ ጡንቻዋን ጨምድዶ ከያዛት፣ ካዞራት፣ ካቅለሸለሻት ሥራ አቁማ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ። ንግግሯ ከተደበላለቀ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱባት፣ አራግቡላት፣ ሐኪም ቤት አድርሷት። ደግሞ አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ልጁ በጥሞና ሰማ። በዚያው ቀን ባለ ቧንቧ በርሜል አስመጥቶ መተኮሻው ክፍል በር ላይ አስቀመጠ፤ በየጠዋቱ ራሱ በረዶ ይጨምርበታል። ባለቤቱን ለምኖም ቬንትሌተር አስገባ። ማታ ማታ በርሜሉን ሲከፍተው ግን ውኃው ብዙም ጎድሎ አያገኘውም።

«ምነው? አይጠማችሁም እንዴ?» አለ አንድ ቀን ሴቶቹን እያየ።

አንዷ ሻሿን ከቧንቧው ሥር አርሳ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። አጣፊዋ አፏን ከፈት ስታደርግ እናትየዋ በክርኗ ነካቻት። ልጁ ከወጣ በኋላ እጇን ያዘቻት።

«ልጄን በሰው ፊት እንዳታሳፍሪብኝ። ይህን ሁሉ አድርጎልን 'አንተን አፍረን ነው' ሊባል ነው? ማይልኝ!»

አጣፊዋ ቅር እያላት ማለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ እናትየዋን ባቷን ጨምድዶ ያዛት። ልጇ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እግሯን አሸላት። ሲነጋም ራስ ምታት እንዳላስተኛት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«ዛሬ ቅሪ፣ እማዬ።»

«ቀርቼ ምን ሊባል ነው? የአለቃ እናት ስለሆነች ተኝታ ትከፈላለች ይበሉ?»

የፈራውን ነገር ከራሱ አፍ የወሰደችበት ያህል ሆነ። ሁለተኛ አላላትም። አብረው ወጡ።

በዚያን ቀን አንዲት ተኳሽ ቀርታ ስለነበር የእሷን ክምር ለማን እንደሚሰጥ ሴቶቹ አለቃቸውን ተመለከቱ። ልጁ ጥቂት አመነታና ወደ እናቱ ጠረጴዛ አመለከተ። እናትየዋ «እሺ አለቃ» አለች።

ከምሳ በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣ ጀመር። አጣፊዋ የሚታጠፍ አንሶላ ሲዘገይባት ቀና ብላ አየች። እናትየዋ አንዱን የትራስ ልብስ ደጋግማ ትተኩሳለች። ታነሳዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ መልሳ ትተኩሰዋለች።

«እትዬ? ያ እኮ አልቋል።»

አልሰማቻትም። በዚህ መሃል ልጁ ክፍሉን ሊያይ ብቅ አለ። እናቱ ካውያውን እንደያዘች ዞረችና፣ «አንተ! ደብተርህን ሳትይዝ ነው የምትሄደው?» ብላ ጮኸችበት።

ሳቅ ሆነ። እሷ ቀልደኛ ናት፤ ሁሉም ቀልድ መሰለው። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ቀረብ ብሎም በዝግታ፣ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነን» አላት።

«አስተማሪው ይመታሃል እኮ» አለች፤ ዓይኗ ግን እሱን አያይም።

አጣፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። እንደ ካውያው ያቃጥላል። ከጠዋት ጀምሮ ልብሷን ያረጠበው ላብም ከፊቷ ላይ ደርቋል። «አልቀለደችም! ያዟት!» ብላ ጮኸች። ካውያው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እናትየዋም ተከትላው ተዝለፈለፈች።

ያን ጊዜ የባለሙያዋ ቃል ትዝ ያላቸው ሴቶች አልቆሙም። ተሸክመው ወደ ግቢው ጥላ አወጧት። ከማጠቢያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ የጠጡ አንሶላዎችን ጎትተው አለበሷት፤ በበርሜሉ ያለውን የበረዶ ውኃ ከራሷ እስከ እግሯ አፈሰሱባት፤ በካርቶን አራገቡላት። አንዷ ውኃ ልታጎነጫት ስትል አጣፊዋ «ራሷን ስታለች፣ ያንቃታል!» ብላ ከለከለቻት። ልጁ አሽከርካሪውን እየጮኸ ጠራ። ልብስ በምታመላልሰው መኪና ውስጥ አስተኝተው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ መንገድ ሙሉ ውኃ እያፈሰሱባት ወሰዷት። ልጁ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ደብተሬን ይዣለሁ። ይኸው ይዣለሁ» ይላት ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ብዙ ቆይታ ወጣች።

«እናትህ ናቸው?»

«አዎ።»

«ሙቀታቸውን አውርደነዋል። ኩላሊታቸው ግን በጣም ተጎድቷል። ሰውነታቸው ውስጥ ውኃ የለም ማለት ይቻላል፤ ይሄ የዛሬ ብቻ አይመስለኝም። ሥራ ቦታ ውኃ አያገኙም ነበር?»

«ኧረ አለ!» አለ ልጁ። «በርሜል ሙሉ አለ። በረዶ የምጨምርበት እኔ ራሴ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠጡም?»

ልጁ ወደ አጣፊዋ ዞረ። አጣፊዋ ግድግዳው ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ከጠጣች ሽንት ቤት መሄድ አለባት» አለች በመጨረሻ። «ለመሄድ ደግሞ ቁልፉን አንተን መጠየቅ አለባት። አፍራ ነው፣ ወንድሜ። ሁላችንም እናፍራለን፤ እሷ ግን ጭራሽ።»

ልጁ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ ቅጣት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

እናትየዋ አልነቃችም። ለጥቂት ቀናት ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ትንፋሿ ቆመ።

ቤቱ በሰው ተሞላ። «ቀኗ ደርሶ ነው» አሉት። «ሙቀቱ ስንቱን ጨረሰ» አሉት። «አንተማ ምን ያላደረግህላት አለ?» ያሉት ጊዜ ግን ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ሥራ በተመለሰበት ቀን ማንንም ሳያነጋግር ካቻቪቴ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደና ጓጉንቸሩን ከነማንጠልጠያው ነቀለው። ተመልሶ መጥቶ የመተኮሻውን ክፍል መስኮቶች አንድ በአንድ ከፈተ። ዝገው ስለነበር አንዳንዶቹን በመዶሻ መታቸው። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ መጣ።

«ምን እያደረግህ ነው? አቧራው?»

«አቧራው ይታጠባል። ያለነው ማጠቢያ ቤት አይደል እንዴ?»

ባለቤቱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ ሴቶቹ ሁሉ ካውያቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። አጉተመተመና ሄደ። ከዚያ ወዲህ መተኮስ የሚጀመረው ገና ጎህ ሲቀድ ሆነ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ካውያዎቹ ይጠፋሉ፤ ሁሉም ወደ ጥላ ይወጣል። በርሜሉ በቀን ብዙ ጊዜ ይሞላል። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ሰው አልወደቀም።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አጣፊዋ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ልነግርህ ነበር» አለችው። «እሷ የወደቀች ዕለት ጠዋት ጠረጴዛህ ድረስ መጥቼ ነበር። ምን ፈለግሽ ስትለኝ 'ክር' ብዬህ ተመለስኩ። መሐላዬን ፈራሁ።»

«እኔም ቅሪ ብያት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኳት።»

ሲነሱ፣ «እሑድ እኛ ቤት ና፤ ብቻህን አትብላ» አለችው።

ሄደ። ባሏ ስለ ኳስ ሲያወራ ሰማ፤ ልጆቿ ትከሻው ላይ ሲወጡ ዝም አላቸው፤ የቀረበለትንም ጥቂት ቀመሰ። አመስግኖ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን አፍኖ አለቀሰ። አጣፊዋ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማችው። ወጥታ ልታጽናናው ፈለገች፤ ግን በሩን አልከፈተችም። እስኪበቃው ድረስ እዚያው ቆመች፤ ዳናው ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋም አልተንቀሳቀሰችም።