የፌንጣ መስኮት

ሹፌሩ ልብስ ሰፊዋን ወደ መንገዱ ጠርቶ አስወጣትና አንድ እግሩን ወደ ፀሐይ ዘረጋ። ቀጥሎ ሌላውን ዘረጋ። አዲሱ ሱሪው ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ጥቁር ሰማያዊ ነበር።

“እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?” አለ። “አንዱን እግሬን ሐዘን አስቀምጠሽ አንዱን ሥራ ላክሽው እኮ!”

አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ኋላ እንባዋ።

“በሞቴ አውልቀው፣ ልቀይርልህ።”

“ተዪው፣ ግዴለም። የፌንጣ ሚስት እጅ አይደል? እንዲሁ እለብሰዋለሁ።”

እውነቱን ነው፣ ለበሰው። በሁለት ቀለም እግሩ ከተማውን ዞረበት፣ ለጠየቀው ሁሉ “የፌንጣ ሚስት ናት የሰፋችልኝ” እያለ ኮራበት። ሌላ ጨርቅ ይዞ ግን አልመጣም። ቀጣዩን ሱሪውን ገበያው ጫፍ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ሲለካ በዐይኗ አየችው። አቤት ፍቅር! ያቅፍሻል፣ ይስምሻል፣ ሥራ ግን ለሌላ ይሰጣል።

ዐይኗ ታሞ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥቁር በጥቁር ስትሰፋ ስፌቷ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። የጎደላት ብርሃን ነው። ቤቷ ያለችው መስኮት አንዲት ናት። ኋላዋ ከዳቦ ቤቱ ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ነው፣ በሩም የሚከፈተው ጠዋት ማታ ወደሚጨልም ጠባብ መተላለፊያ ነው። አንዲቷ መስኮት ደግሞ ተዘግታለች። ማን ዘጋት ብትሉኝ፣ ከተማው።

ባሏ ፌንጣ የሚባለው ዘፋኝ ነበር። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሳቸውም ረስተውታል። የሚዘፍነው ስካ ነው። ስካ ደግሞ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ሰው ሁሉ በሚያጨበጭብበት ላይ ጊታሩ አይመታም፤ በሁለቱ ጭብጨባ መሃል ሾልኮ ይገባል። ትሮምቦኑ ከኋላ ይገፋል። ያኔ የሽማግሌም እግር ቢሆን መሬት አልቀመጥ ይላል። ፌንጣም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው እየዘለለ ነበር የሚዘፍነው። ከትልቁ ከተማ ሰዎች መጥተው “እንውሰድህ” ቢሉት “ሰፈሬ ምን ይለኛል?” ብሎ ቀረ። ሰፈሩም አላሳፈረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌው ጣቢያ አዳራሽ መርፌ መጣያ አይገኝበትም ነበር።

እዚያ አዳራሽ አንድ ልማድ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ማንም አይወጣም። ሁሉም በአንድ ላይ በግራ እግሩ ወለሉን ይመታና “ድገመው!” ይላል። ፌንጣም ይደግማል። እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ደረቱ ከታመመ በኋላም፣ ሐኪሙ “በቃህ” ካለው በኋላም። ቤት ሲገባ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ እያለከለከ ይቀመጣል፤ እሷ ትቆጣለች።

“አንድ ቀን እንኳ አይሆንም ብትላቸው ምን ይሆናሉ? ይሞታሉ?”

“ደረቴማ እምቢ ይላል” ይላታል። “እግሬ ነው የሚሰማቸው።”

የሞተው እዚያችው መስኮት ሥር ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ላይ። “መስኮቱን ክፈቺው” አላት። “ተከፍቷል እኮ” አለችው። “ትንሽ ጨምሪው” አለ። ሁለቱን መዝጊያዎች ግድግዳው ድረስ ገፍታ ስትመለስ ሄዷል። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ሌላው ሁሉ የከተማው ነበር፤ ዘፈኑም፣ ሬሳውም፣ ለቅሶውም። ይህቺን አንዷን ለራሷ አስቀረቻት።

ታዲያ ከቀብሩ በኋላ ጎሚስታው መጣ። ጎሚስታው ቀን የመኪና ጎማ ይጠግናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሮምቦን ይነፋል፤ የፌንጣ የልብ ጓደኛ፣ የአድናቂዎቹም አለቃ እሱ ነው። ከኋላው ታርጋና ማስታወቂያ የሚጽፈው ሠዓሊ ቀለሙን ተሸክሞ ቆሟል።

“እታለም፣ ምስሉን ግድግዳሽ ላይ ልንሥለው ነው። አደባባዩን የሚያየው ያንቺ ግድግዳ ብቻ ነው።”

“መስኮቷ ግን መሃል ላይ ናት” አለ ሠዓሊው ቀስ ብሎ።

“ታዲያ ትዘጋ!” አለ ጎሚስታው።

እሷም በሐዘን ደንዝዛ ነበርና “ግዴለም” አለች። ይኸው ነው፣ አንዲት “ግዴለም”። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ሣሉት። ባርኔጣው ከመስኮቷ በላይ፣ ጆሮዎቹ በግራና በቀኝ፣ ባለ ዳማ ክራባቱ ከታች፤ ፊቱ ግን፣ ዐይኑም አፍንጫውም ሳቁም፣ ሁለቱ የእንጨት መዝጊያዎች ላይ ነው። መልኩ ቁርጥ እሱን ነበር፤ አይካድም። በሳምንቱ መዝጊያዎቹን ከፍታ ለሥራ ልትቀመጥ ስትል አደባባዩ ላይ ጩኸት ሰማች። አማቷ ናቸው። በየጠዋቱ ማዶ ቆመው “እንዴት አደርክ ልጄ?” ይሉታል፤ ያን ቀን ቀና ቢሉ ባርኔጣና ክራባት ብቻ፣ በመካከሉ ጉድጓድና የሚውለበለብ መጋረጃ።

“የልጄን ፊት ማን ወሰደው? ኧረ ፊቱን መልሱልኝ!”

ተሸክመው አስገቧቸው። ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ እየሮጠ መጣ፤ እንደ ሕፃን እያለቀሰ በሯ ላይ ተንበረከከ።

“በአጥንቱ ይዤሻለሁ! እታለም፣ በአጥንቱ ይዤሻለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትከፍቺው!”

በሞተ ባል አጥንት ተይዞ ማን ይንቀሳቀሳል? ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ በአምፖል ሆነ። አምፖል ደግሞ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን አይለይም። ለጎሚስታው ነገረችው።

“ጋሼ፣ ብርሃን አጣሁ።”

“ብርሃን? ምን ችግር አለው!” ብሎ የጎማ ቤቱን ትልቅ አምፖል አምጥቶ ሰቀለላት። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ፤ አማቷ በሻሽ ራሳቸውን እያራገቡ “ይህ መብራት ነው ወይስ ቅጣት?” አሉ። የስፌት መኪናዋን ተሸክማ መንገድ ዳር ወጥታ ብትሰፋ፣ ሦስት ጎረምሶች በትህትና ጎንበስ ብለው ከነወንበሯ መልሰው አስገቧት፤ “የፌንጣ ሚስት ጎዳና ላይ? ሰው ምን ይለናል!” ሌላ ከተማ ያለችው እህቷ “ነይ እዚህ ሥሪ” ብትላት፣ ገና ሳትነሣ ወሬው ተሰማና ከተማው ሁሉ በሯ ላይ ተሰለፈ። ዳቦ ያመጣላት ዳቦ ጋጋሪው፣ አማቷን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ባለታክሲ፣ ቧንቧዋን በነጻ የጠገነው ልጅ። “ምን አጎደልንብሽ?” አሏት። ምን ትበላቸው? አንዱም ክፉ አልነበረም። አንዱ እንኳ ክፉ ቢሆን ተጣልታው ትወጣ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እሷ ደግሞ ድሮም አንበሳ አይደለችም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርታላት ነበር። ሁለቱ መዝጊያዎች የሚገጥሙበት ስንጥቅ። ቀትር ላይ በባሏ አፍንጫ በኩል እንደ ክር የቀጠነች ብርሃን ትገባና መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ታርፋለች። ክሯን መርፌ ውስጥ የምታሾልከው በሷ ነበር። ጨርቁን ቁራጭ በቁራጭ እዚያች ላይ እያሳለፈች ቀለሙን ትለያለች። አንዳንዴ ሥራ ባይኖራትም እጇን ብርሃኗ ላይ አሳርፋ ትቆያለች።

የፌንጣ ሙት ዓመት በሚደርስበት ሰሞን ከውጭ ኩርሽ ኩርሽ የሚል ድምፅ ሰማች። ከዚያ ያቺ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ጠፋች። ዘልላ ወጣች። ሠዓሊው መሰላል ላይ ነው፤ በእጁ ስቱኮ ይዟል።

“ምን እያደረግክ ነው?”

“አፍንጫው ላይ መስመር ነበረችበት እትዬ፣ ታስጠላለች። ለበዓሉ ደፈንኳት” አለ ፈገግ ብሎ። “አሁን አንድ ወጥ ሆነ። ደስ አይልም?”

ደስ አይልም ልትል አፏን ከፈተች። አማቷ ማዶ ቆመው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሠዓሊውን ይመርቃሉ። አፏን ዘጋች። ገብታ መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ አየር ያጥራት ጀመር። እሱም እንዲህ ነበር የሚሆነው አለች በልቧ፤ እንዲህ ነበር ደረቱ የሚያስጨንቀው። ያን ዕለት ቆረጠች፤ ሲመጡ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ አለች። መስኮቴን እወስዳለሁ፣ የመጣው ይምጣ።

ቀኑ ደረሰ። አደባባዩ በሰው ሞላ፤ የሙዚቃ ባንዱ የጭነት መኪና ላይ ወጣ፤ አማቷ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። እሷ “ራሴን አሞኛል” ብላ ውስጥ ቀረች። የፌንጣን ዘፈኖች አንድ በአንድ ተጫወቱ። የእሱ ድምፅ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል፤ ጊታሩ ብቻ ጨክ፣ ጨክ ይላል፤ ሰዉ በዝምታው ውስጥ ይዘልላል። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ማንም አልሄደም። በግራ እግራቸው መሬቱን መቱት።

“ድገመው!”

የሚሉት ግድግዳውን ነው! የተሰቀለው መቀስ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊዋ ጨለማ ውስጥ ብድግ አለች። የሞተን ሰው ድገም ይሉታል? አሁንም አልበቃቸውም? መቀሱን አንሥታ ስንጥቁ ላይ ሰካችውና ከላይ እስከ ታች ስቱኮውን ሰነጠቀችው። መወርወሪያውን ስባ በሁለት መዳፏ ገፋች። መዝጊያዎቹ ተንጓጉተው ግድግዳውን መቱ።

ብርሃኑ ፊቷን መታት። ስታስተውል አደባባዩ ሁሉ ወደ እሷ አንጋጧል። መተንፈስ አማራት፤ አየሩን ሳበችው፣ ጠጣችው።

“ስሙኝ!” አለች። “የሞተው እዚህ ነው፣ እዚህ ሥር። የመጨረሻ ቃሉን ለማንም አልተናገርኩም። ‘መስኮቱን ክፈቺው’ ነበር ያለኝ። ‘ተከፍቷል እኮ’ ስለው ‘ትንሽ ጨምሪው’ አለኝ። አየር ነበር የጠየቀኝ። እኔም የምጠይቃችሁ አየር ነው።”

አንዲት ሴት እዬዬ አለች። ከዚያ ሌላዋ። ሹፌሩ በዚያው ሁለት ቀለም ሱሪው ቆሞ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። ገባቸው አለች፤ ተመስገን፣ ገባቸው። ጎሚስታው ትሮምቦኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ሰዉ ዞረ፤ ጉንጩ ርሷል።

“ቃሉን ሰማችሁ? የወንድሜን ቃል ሰማችሁ? እንግዲህ በየዓመቱ፣ በዚህች ቀን፣ ሚስቱ መስኮቱን ትከፍታለች!”

“ትከፍታለች!” አለ አደባባዩ።

“እኔም በማግስቱ ደፍኜ አድሰዋለሁ!” አለ ሠዓሊው ከመሰላሉ ሥር። “ዕድሜ ልኬን፣ በነጻ!”

“እንዲያ አይደለም፤ እኔ ያልኩት...” አለች። ከበሮው ዋጣት።

ያኔ አማቷ ከወንበራቸው ተነሡ። አንገቷን ቀና አድርጋ ልትሟገታቸው ተዘጋጀች። እሳቸው ግን አልጮሁም። ከላይዋ ያለውን ባርኔጣ፣ ከሥሯ ያለውን ክራባት አዩ፤ በመካከሉ እሷን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይስቁ ነበር። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስቁ ነበር።

“እዩዋት! የልጄን ባርኔጣ ደፍታ! ቁርጥ እሱን!” አሉና አጨበጨቡ። “እሰይ ልጄ! እሰይ!”

ሰዉ እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣

“ድገሚው!” አለ።

እግሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ወረዱ።

“ድገሚው! ድገሚው!”

አይሆንም ልትል ፈለገች። አማቷ ከታች አንጋጠው፣ ጥርስ በሌለው ድዳቸው እየሳቁ፣ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው እየከፈቱ ያሳዩዋታል፤ እንዲህ፣ እንዲህ፣ አንዴ ብቻ ልጄ።

ለመድገም ደግሞ መጀመሪያ መዝጋት ያስፈልጋል።

ደረቷ እምቢ እያለ ነበር። እጇ ግን ሰማቸው። ወጥቶ ግራውን መዝጊያ ያዘ፣ ቀኙንም ያዘ፣ ሳበው። ጨለመ። ውጭ አደባባዩ በደስታ ጮኸ፤ ፌንጣ ፊቱ ተመልሶለት ይስቅላቸዋል። እሷ ከሳቁ ጀርባ መወርወሪያውን ይዛ ቆማ እስኪጠሯት ጠበቀች።