የታሸገው ድንኳን

ፋንቱ ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ልብስ ስፌት ቤት ነበራት። የሰፈሩ የሴቶች እድር ሰብሳቢም እሷ ነበረች። እድሩ ጴንጤ፣ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ሳይል ሁሉንም ያቅፋል፤ ገንዘብ ያዧ ሀሊሜ ነበረች። ሐዘን በሌለ ጊዜ ድንኳኑንና ወንበሮቹን ለሠርግ ያከራያሉ፤ ኪራዩም ለችግረኛ አባላት ይውላል።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲሱ የግብር ሕግ በወጣ በዓመቱ፣ ይታገሱ የሚባል ወጣት የግብር ሠራተኛ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት መጣ። የሚያከራይ ሁሉ ነጋዴ ነው፤ እድሩም ተመዝግቦ ግብር ይክፈል፤ የአባላቱ መዋጮም ከገቢው ጋር ይደመራል አላት። ፋንቱ ግብር የምትሸሽ ሴት አልነበረችም፤ የስፌት ቤቷን ግብር በየዓመቱ ትከፍላለች። የሠርጉን ኪራይ አስሉት፣ እንከፍላለን፤ ለመቀባበሪያ ያዋጣነው ግን ትርፍ አይደለም ብላ መለሰችለት። ይታገሱ የታዘዘው እንደዚያ አልነበረም። በሳምንቱ ከሚሊሻ ጋር ተመልሶ የዕቃ ቤቱን በር በክርና በሰም አሸገው።

ሀሊሜ የተጠየቀውን ከፍለን እንገላገል አለች። ባሏ ሱቅ አለው፤ ከመንግሥት ጋር መካሰስ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ፋንቱ እሺ አላለችም። አንዴ መዋጯችን ንግድ ነው ብለን ከፈረምን፣ ነገ የሌላውንም እድር በእኛ ፊርማ ይይዙታል አለቻት። ሁለቱ ተኳርፈው ተለያዩ።

ነገሩ ሳይለይለት የእድሩ አንጋፋ አባል እማማ ዓለምዘውድ አረፉ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። የእማማ ዓለምዘውድ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ለቀስተኛው ጋቢና ነጠላውን ተከናንቦ ደጅ ላይ ቆመ። ፋንቱ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ለቀብሩ ብቻ በሩ እንዲከፈት ለመነች። ይታገሱ አለቃው ለስብሰባ ወልቂጤ እንደሄደ፣ እሱም ያለ ትእዛዝ እንደማይከፍት ነገራት። ይህን ሲል ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«እንግዲያው እኔ እከፍተዋለሁ ልጄ» አለችው። «ማን ከፈተው እያልክ እንዳትደክም ብዬ ነው የነገርኩህ።»

ሴቶቹ ተከትለዋት ዕቃ ቤቱ ደረሱ፤ ማሸጊያውን የሚነካ ግን ጠፋ። ፋንቱ በመቀስ ክሩን ቆረጠችውና በሩን ገፋችው። መጀመሪያ የገባችው ሀሊሜ ነበረች። የድንኳኑን ጫፍ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ከቀብር መልስ ፖሊሶች መጡ። ለቅሶው እንዳይረበሽ ፋንቱ ራሷ ወጥታ አብራቸው ሄደች። ጣቢያ ላይ፣ ከወልቂጤ የተመለሰው የግብር መሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ አጥፍቻለሁ ብለው ይፈርሙና ቤትዎ ይሂዱ አላት።

«ክሩን መቁረጤን እፈርማለሁ። አጥፍቻለሁ ብዬ ግን አልፈርምም። ነገም ሰው ሞቶ ድንኳኑ ቢታሸግ እቆርጠዋለሁ።»

እዚያው አደረች። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስፌት ቤቴን ቢዘጉትስ ብላ ፈራች፤ ማንም ሳያያት አለቀሰችም። ሲነጋ ግን የግቢው በር ላይ የሴቶች ድምፅ ሰማች። የእድሩ አባላት ቆጮ ይዘውላት መጥተው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ተበተኑ ቢባሉም ፋንቱ በዋስ እስክትለቀቅ አልተነሡም።

ፍርድ ቤቱ ማሸጊያ በመቁረጧ መቀጮ ጣለባት። እድሩ ልክፈልልሽ ቢላት እምቢ ብላ ከራሷ ከፈለች። መዋጮው ንግድ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ መስከረም ተጓተተ። በመጨረሻ መዋጮው ከግብር ወጣ፤ የሠርጉ ኪራይ ግን ይከፈልበታል ተባለ። ውሳኔውን ይዞ የመጣው ይታገሱ ነበር። ፋንቱ፣ ያኔም ያልንህ ይህንኑ ነው ብላ ተቀበለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ፣ ከለቅሶው ወዲህ እማማ ዓለምዘውድ ቤት ተጠቅልሎ የቆየውን ድንኳን ወደ ዕቃ ቤት ሊመልሱት ሲሉ ሀሊሜ ከለከለቻቸው።

«ከእንግዲህ በየተራ ቤታችን ነው የሚያድረው» አለች። «ማሸግ ካማራቸው የሁላችንንም ቤት ያሽጉ።»

መጀመሪያ ወደ ራሷ ቤት አስወሰደችው።