ላጲስ የምትበላው አሮጊት

ኮምፒውተሩ ጲጥ፣ ጲጥ፣ ጲጥ ብሎ ጮኸ። ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ።

«ኧረ ስልኩን አንሱት!» አሉ የሟች አክስት ከሳሎን።

«ስልክ አይደለም አክስቴ፣ አሮጊቷ ናት» አለች እናትየዋ፣ የሟች ሚስት። ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

አሮጊቷ የሚለውን ስም ለኮምፒውተሩ ያወጣው ሟቹ ባለቤቷ ነው። በዚህች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የስንቱን ሰው ማመልከቻ ጽፎባታል። ነገ ዘመድ ሲሰበሰብ ትልቅ ፎቶው መሰቀል አለበት፤ ፎቶ አንሺውም ሱቄን ሳልዘጋ ላኩልኝ ብሏል። ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ያለው አሮጊቷ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው የመታወቂያው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ በግ ሰርቆ የተያዘ ይመስላል።

«ትንሽ ገፋ ብናደርጋትስ?» አለ የሟች ወንድም። አውቶቡስ ነጂ ነው።

«ቁልቁለት የት አለና ጋሼ?» አለ አማችየው፣ የልጇ ባል። ባንክ ቤት ስለሚሠራ ኮምፒውተር አያቅተውም ተብሎ ነው የተጠራው። «እንዲህ ስትጮህ ሜሞሪው ነው ይላሉ። አውጥቼ መለስኩት፤ ያው ናት።» ካቻቢቴውን እንደገና አነሳ።

«ልጄ፣ ሶኬቱን ነቅለሃል?» አለች እናትየዋ።

«ነቅያለሁ እማማ።»

«ደግመህ እየው። አንድ ቀብሬ ሁለተኛ እንዳልጨምር። ሜሞሪውን ስታወጣው ፎቶውም አብሮ እንዳይወጣ!»

ባሏ በሕይወት ሳለ አሮጊቷ እንዲህ ስትጮህ «አንቺ፣ እስቲ ሻይ አፍይልኝ» ይላት ነበር። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቃታል።

«ምን አደረግሃት?»

«ለመንኳት። እኔ ከለመንኳት እንቢ አትልም።»

«እኔን እንዲህ ለምነኸኝ ታውቃለህ?»

እሱ ይስቃል። ከዚያ አጠገቡ ያስቀምጣትና ትልልቅ ፊደል እየጻፈ ያስነብባታል። ልጅ ድራ የማታ ትምህርት የጀመረችው በእሱ ግፊት ነው። ትምህርቱን ከጀመረች ወዲህ ግን ላጲሷ አልበረክት አላት። ዛሬ ይጠፋል፣ ነገ ቆሽሾ ይገኛል። አብራት የምትማረውን ልብስ ሰፊ ስትጠረጥር ኖራለች።

እነሆ ልብስ ሰፊዋም መጣች። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ የደብተር ቦርሳ አቀበለቻት።

«ያን ቀን ስትጠሪ ክፍል ጥለሽው የሄድሽው ነው። ላጲስሽም አለ። እዪው፣ ኋላ በላሽው እንዳትይኝ።»

እናትየዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ላጲሱን አውጥታ አገላበጠችው። መሃሉ ላይ በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። እርሳስ ስታጠፋ እንዲህ አይሆንም።

«ልጄ፣ አሮጊቷ ውስጥ እንደ ቢላ የሳሳ ነገር አለ?»

አማችየው ሜሞሪውን አውጥቶ ሰጣት። ማበጠሪያ የሚያህል ስስ ሰሌዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረዋል። መስመሩ ላይ ብታስቀምጠው ልክክ አለ።

«ጥርሱ ቆሽሾ ነዋ!» አለ አማችየው ግንባሩን እየመታ። «አባባ በላጲስ ነበር የሚፈትጉት!»

«አንተ ሌባ!» አለች እናትየዋ ወደ ባዶው ወንበር ዞራ።

«እኔ በከንቱ ስታማ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አምጣው፣ እኔ ልፈትገው። ላጲሱ የኔ ነው።»

ጥርሶቹን አንድ በአንድ አሸች። አማችየው ሜሞሪውን ቦታው መለሰና ሶኬቱን ሰካ። አሮጊቷ አንዴ ብቻ ጲጥ አለችና ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ኧረ አንሱት!» አሉ አክስት።

«አነሳነው አክስቴ!»

«ማነው?»

አማችየው ፎቶውን ከፈተው። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

«እሱ ነው» አለች እናትየዋ። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «እሱ ነው አክስቴ።»

ማምሻውን ልጇ ፎቶውን ፍሬም አስገብታ ይዛ መጣች። ከሥሩ ስሙን እናትየዋ ራሷ በእርሳስ ጻፈች። ምላሷን ነክሳ፣ ቀስ ብላ። የመጨረሻው ፊደል እግሩ ተወላገደባት።

«እማዬ፣ አጥፊውና ድገሚው» አለች ልጇ ላጲሱን እየዘረጋች።

ተቀበለቻት። ጥቁሩን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ላጲሱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዚፑን ዘጋች።