የሰዑድ ሐጃ

ሀፊዛ የመስኖ መሐንዲስ ናት፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላሉ ገበሬዎች ቦይ ትቀይሳለች። አባቷ ሰዑድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሄደበት ሁሉ «ልጄ መሐንዲሷ» ሳይል አይውልም። እና ይቺው ልጅ አንድ ቀን ተነስታ «አባ፣ ለማስተርስ ሥነ ልቦና ልማር ነው፤ የጎደሉኝን ኮርሶች አስቀድሜ እወስዳለሁ» ስትለው ምን ይበል?

«የእብድ ሐኪም ልትሆኝ? ውሃው ምን በደለሽ?»

«ኢቲሳምን እያየሃት፣ አባ?»

ታላቅ እህቷ ኢቲሳም ከሪያድ ከተመለሰች ወዲህ ከጓዳ አትወጣም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትሸማቀቃለች። ለጎረቤት የተነገረው ግን «ወባ ነው» ተብሎ ነው። መቼም እንዲህ የሚከርም ወባ ታይቶ አይታወቅም፤ ጎረቤቱ ጨዋ ነውና ሰምቶ ዝም አለ። ሀፊዛ ይህን ትምህርት ከጀመረች ግን «ለምን?» የማይል የለም። ሰዑድ የፈራው ይህንኑ ነበር። እሷም ያለ አባቷ ዱአ ንቅንቅ አትልም፤ እንዲያ አላደገችም።

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ እነሰዑድ ቤት ወዳጃ ተቀመጡ። ወዳጃ ላይ ሁሉም የልቡን ጉዳይ፣ ሐጃውን፣ አውጥቶ ይናገራል፤ የተሰበሰበው ዱአ ያደርግለታል። ሸፍኖ የተናገረ ግን ሐጃው አይደርስም ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አይደል?

የሰዑድ ተራ ደረሰ። «ሀፊዛ ለትምህርት ልትሄድ ነው፤ ዱአ አርጉላት» አለ። ከሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው ሀፊዛ ቀና አለች።

«ምን ልትማር?» አሉ ከአምባሰል የመጡት ሼህ ኑርዬ።

«ሒሳብ።»

ሀፊዛ አንገቷን ደፋች። በውሸት ላይ የተባለ አሚን ምን ያደርግላታል?

ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሰዑድ «ቆዩኝ» አለ። «ሒሳብ አይደለም። ትልቋ ልጄ ታማብኛለች፤ ወባ አይደለም፣ መንፈሷ ነው የተጎዳው። ትንሿ የዚያን መድኃኒት ልትማር ነው። ለሁለቱም ዱአ አርጉልኝ።»

ሀፊዛ ሄዳ አንገቱን ብታቅፈው በወደደች፤ ወዳጃ ነውና እንባዋን እየጠረገች ተቀመጠች።

ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ጋሽ ቢያድግልኝ ከወዳጃ ቀርተው አያውቁም። በሩ አጠገብ እንደተቀመጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሼሁ፣ የኔዋንም ጨምሩልኝ። ዱባይ ናት የምላችሁ ልጄ ከተመለሰች ዓመት አለፋት፤ ጓዳ ናት።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት «የኔንም» አለች። ሌላዋም ቀጠለች።

ሼህ ኑርዬ ሁሉንም ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ ሀፊዛም ዞሩ።

«ሂጂ ልጄ፤ አላህ መንገድሽን ያቅናው። ብቻ ብዙ አትቆዪብን።»