ከሱሪዬ ጋር የተሰፋው ጥልፍ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ፍሬም ቤት ውስጥ የነበርነው እሷ፣ ፍሬም እንዲደረግለት ጥልፍ ያመጣች አዋላጅና እኔ ነን። ጡሩምባ የምንለው ሹፌር በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሊወስደኝ ተነጋግረናል። ሌላ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል፤ ቦታው የሚጠበቅልኝ እስከ ማታ ብቻ ነው። ለአክስቴ ግን አልነገርኳትም። ጠዋት ልነግራት አፌን ስከፍት፣ "መነጽሬን አየህ?" አለችኝ። ፈልጌ ሰጠኋት፤ በዚያው ቀረ።

ቤቱ ጠባብ ነው። መስታወቱ ግድግዳውን ይዞታል፤ አክስቴ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ለመውጣት ጉልበቷን ማለፍ ግድ ነው።

ድሮ ጥልፍ በሙጫ ትለጥፍ ነበር። ሙጫው ጨርቁን ቢጫ ሲያደርገው አይታ ተወችው። አሁን ጥልፉን ከንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጋር በቀጭን ክር እንሰፋዋለን። መርፌው በድርና በማግ መካከል ብቻ ይገባል። ከዚያ ጨርቁን ካርቶን ላይ እንወጥረዋለን፤ መስታወቱም ጥልፉን እንዳይነካው በዳር በዳሩ ቀጭን እንጨት እናስገባለን። "የሠራኸውን ሌላ ሰው መፍታት መቻል አለበት" ትለኛለች። በድርና በማግ መካከል ያለውን ክፍተት ግን የእሷ ዓይን ማየት ካቆመ ቆይቷል።

"እጁ እንዴት ቀልጣፋ ነው!" አለች አዋላጇ። ጥልፉ የሟች እናቷ ሥራ ነው።

"ዓይኔ እሱ ነው። እሱ ባይኖር ይሄን ቤት ዘግቼው ነበር" አለች አክስቴ።

"የዛሬ ልጅ እግሩ ጎማ ነው፤ አይሄድብሽም?"

"ማ? ይሄ? ይሄ እኮ ከወንበሩ ጋር የተገዛ ነው!"

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። የመጨረሻውን ጎን በጥድፊያ ጨርሼ ብድግ ስል ጥልፉም አብሮኝ ተነሣ። ስሰፋ ጭኔ ላይ ጣውላ አደርግ ነበር፤ ያን ቀን ረስቼዋለሁ። ጥልፉን ከሱሪዬ ጋር ሰፍቼዋለሁ።

"ቁጭ በል!" አለች አክስቴ። "እንዳትጎትተው፣ ያረጀ ክር ነው!"

"ሱሪዬን በመቀስ ልቁረጠው?"

"መቀስ? እዚህ ጥልፍ አጠገብ?"

"አውልቀው እንግዲህ" አለች አዋላጇ። "እኔ እንደሆንኩ ያላየሁት የለም።"

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ተቀመጥኩ።

ጡሩምባ አንገቱን በበሩ አስገባ። "ና እንጂ! እየመሸብን ነው!"

አክስቴ መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ዞረች። "ወዴት ልትሄድ ነው?"

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ራሱ መጣልኝ። ጡሩምባ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጥልፉ ጭኔ ላይ ነው፤ መርፌው በእጄ ነው።

"የትም" አልኩ።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አለች አክስቴ፤ መነጽሯን መልሳ አደረገች። "በል ቀስ ብለህ ፍታው።"

ጡሩምባ ብቻውን ሄደ። እኔ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ጣውላ አድርጌ እንደገና ሰፋሁት። ጋራዡ ሌላ ሰው ቀጠረ።